መልስ፦ የደረቀች ትንሽ እንጉዳይ ለሄርባሪየም ትጠቅማለች?

«ከጫካ የሰበሰብኳት ትንሽ እንጉዳይ ስትደርቅ ቀለሟም ቅርጿም ጠፋ፤ እንዲህ ሆና ሄርባሪየም ብትገባ ምን ትጠቅማለች?» ብለው ጠይቀዋል። በጣም ትጠቅማለች፤ ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋትና እንጉዳዮች ለጥናት የሚቀመጡበት ስብስብ ነውና እባክዎ አይጣሏት። ስፖሮቿ (የምትራባባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች) ደርቀውም በማይክሮስኮፕ ሊለኩ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል።

ድርቀት የሚወስደውን ግን የሚያቆየው ማስታወሻዎ ብቻ ነው። ማይሴና ሄማቶፐስ የምትባለው ትንሽ የጫካ እንጉዳይ ትኩስ ሳለች እግሯ ሲሰበር ደም የመሰለ ፈሳሽ ታወጣለች። ከደረቀች በኋላ ይህ አይታይም፤ ሰብሳቢው ካልጻፈው ትልቁ መለያዋ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ትዝ እያለዎት ዛሬውኑ ይጻፉ፦ የቆቧን ቀለምና ስፋት፣ ሽታዋን፣ ከቆቡ ሥር ያሉትን ሽንሽኖች ቀለም። የበቀለችው በበሰበሰ ግንድ ላይ ነው ወይስ በረገፈ ቅጠል ላይ? የምን ዛፍ? «ጫካ ውስጥ» ብቻ የሚል መዝገብ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። ቀን፣ ትክክለኛ ቦታ፣ የሰብሳቢው ስምና የናሙና ቁጥር መቼም አይቀሩም።

ዝርያዋን ካላረጋገጡ፣ ለምሳሌ «ማይሴና» ብለው፣ በወገን ስሟ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን በሚያቅፈው ስም) ብቻ ይተዉት። በግምት የተሰጠ ስም የስርጭት ካርታን ያሳስታል፤ በኋላ ማረም ደግሞ አድካሚ ነው።

ለሚቀጥለው፣ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ተንቀሳቃሽ አየር ያድርቋት፤ ከማድረቅዎ በፊት ፎቶ ያንሷት።