ከትዕዛዙ ብዛት በፊት ስጋቱን አንብቡ

ይድረስ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በሒሳብ፣ በምሕንድስናና በኮምፒውተር ሙያ ተመርቃችሁ የመከላከያ ኩባንያዎችን በር ለምታንኳኩ ልጆቻችን።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንግሥት ውሎች ሒሳብ ላይ ነው። ሎክሂድ ማርቲን ቤተስዳ፣ ኖርዝሮፕ ግሩማን ፎልስ ቸርች፣ ጄኔራል ዳይናሚክስ ሬስተን፣ ቦይንግና አርቲኤክስ ደግሞ አርሊንግተን ነው ዋና መሥሪያ ቤታቸው። ከቤተ ክርስቲያኖቻችንና ከምግብ ቤቶቻችን ሩቅ አይደሉም፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ መቀጠራችሁ፣ ከደመወዛችሁም ቆርጣችሁ አክሲዮናቸውን መግዛታችሁ አይቀርም። ወላጆቻችሁ «ደንበኛው መንግሥት የሆነ ድርጅት አይከስርም» ብለው ሲመክሯችሁ እሰማለሁ። በፍቅር የተነገረ ምክር ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም።

ኩባንያዎቹ ራሳቸውም እንዲህ አይሉም። በየዓመቱ ለአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በሚያስገቡት ሪፖርት ውስጥ ወደፊት ገቢያቸውን ሊጎዱ የሚችሉ ስጋቶችን የሚዘረዝሩበት ክፍል አለ። አብዛኛው ሰው የጠበቃ ጽሑፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። እርግጥ የጠበቃ እጅ አለበት፤ በ1995 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ትንበያውን ከተገቢ ማስጠንቀቂያ ጋር ላቀረበ ኩባንያ ከክስ ከለላ ይሰጣል። እናንተ ግን የአምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። አምና «ሊደርስብን ይችላል» የተባለው ዘንድሮ «ደርሶብናል» ተብሎ ከመጣ፣ ወይም አምና ያልነበረ አንቀጽ ከገባ፣ ቀሪውን ትታችሁ እዚያ ላይ ቆዩ።

ዜና የሚሆነው የትዕዛዝ ክምችቱ ነው። ሎክሂድ ማርቲን 2024ን ሲዘጋ ገና ያልፈጸመው ትዕዛዝ 176 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ የዚያ ዓመት ሽያጩ 71 ቢሊዮን ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ሥራ ማለት ነው፤ ያስደስታል። ነገር ግን ከሽያጩ 73 በመቶው ከአሜሪካ መንግሥት የመጣ ነው፤ ሩብ ያህሉም በአንድ አውሮፕላን በኤፍ-35 ላይ ያረፈ ነው። ኮንግረስ በጀት የሚመድበው በየዓመቱ ስለሆነ ከክምችቱ ውስጥ ገንዘቡ ገና ያልተፈቀደለት ክፍል አለ። መንግሥት ሐሳቡን ከቀየረም ያለ ኩባንያው ጥፋት ውሉን የማቋረጥ መብት አለው። የውጭ ገዢም በፖለቲካ ምክንያት ሊወጣ ይችላል፤ ቱርክ የሩሲያን ኤስ-400 የአየር መከላከያ ሚሳይል በመግዛቷ በ2019 ከኤፍ-35 ፕሮግራም ተሰናብታለች። ክምችቱን ብቻ ቆጥሮ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ላም አለኝ በሰማይ እንዳለው ሰው ነው።

የበጀት ነገር ቤታችሁም ድረስ ይመጣል። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ድረስ የፌዴራል መንግሥት ለ43 ቀናት ሲዘጋ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ያለፈው ደመወዝ በሕግ የተጠበቀ ነበር፤ ለኮንትራክተር ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ስለዚህ የጥቂት ወራት ወጪ በባንክ አስቀምጡ። የጡረታ ቁጠባችሁንም ደመወዝ በሚከፍላችሁ ኩባንያ አክሲዮን አትሙሉት፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሥራውም ቁጠባውም አብሮ ይናወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጦርነት መቆሙ ወይም በጀት መቀነሱ አይደለም፤ ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ የልማት ውል ነው። ገና ያልተሠራን መሣሪያ «በዚህ ዋጋ ሠርቼ አስረክባለሁ» ብሎ መፈረም ነው። ኩባንያዎች ተወዳዳሪን ለመቅደም ዋጋ ያወርዳሉ፤ ትርፉን ከኋለኛው ምርት እናገኘዋለን ይላሉ። ቦይንግ በ2011 የኬሲ-46 ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላንን ሥራ በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ጣሪያ ወሰደ፤ እስካሁን ከ7 ቢሊዮን በላይ ኪሳራ መዝግቦበታል። ኖርዝሮፕ ግሩማን በጃንዋሪ 2024 ዋጋው ቀድሞ በተቆረጠው የቢ-21 ቦምብ ጣይ የመጀመሪያ ምርት ላይ 1.56 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ አስታወቀ። ሎክሂድ ማርቲንም በጁላይ 2025 በአንድ ሩብ ዓመት 1.6 ቢሊዮን አስመዘገበ፤ ከዚህ ውስጥ 950 ሚሊዮኑ ዝርዝሩ በምስጢር በተያዘ ፕሮግራም ላይ ነው። ባለአክሲዮኑ ምን እንደከሰረበት እንኳ አያውቅም።

ኪሳራው በአንድ ጊዜ የሚወድቀው ለምንድን ነው? የእነዚህ ውሎች ገቢ የሚመዘገበው ሥራው ምን ያህል እንደተጠናቀቀ እየተሰላ ነው፤ ስሌቱ ደግሞ «ለመጨረስ ስንት ይቀረናል» በሚል ግምት ላይ ቆሟል። ውሉ እንደሚያከስር ግምቱ ባሳየበት ጊዜ ገና ያልደረሰው ኪሳራ ጭምር ወዲያውኑ ይመዘገባል። ያን ግምት የሚሠሩት ዋና ሥራ አስኪያጆች አይደሉም። እንደ እናንተ ያሉ መሐንዲሶችና የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው።

የኤ-12ን ታሪክ እወቁ። ይህ የባሕር ኃይል አውሮፕላን በ1988 የዋጋ ጣሪያ ተበጅቶለት ለማክዶኔል ዳግላስና ለጄኔራል ዳይናሚክስ ተሰጠ። በ1990 የጸደይ ወራት የመከላከያ ሚኒስትሩ ዲክ ቼኒ ለኮንግረስ ቀርበው ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ደገፉ፤ በጁን ወር ኩባንያዎቹ በተባለው ጊዜና ዋጋ መጨረስ እንደማይችሉ አሳወቁ። በኋላ የተደረገው ምርመራ የወጪው መናር ምልክቶች ቀድመው እንደታዩና በወቅቱ ወደ ላይ እንዳልደረሱ አረጋገጠ። ቼኒ በጃንዋሪ 1991 ውሉን ሰረዙት። ክርክሩ እልባት ያገኘው በ2014 ነው፤ ማክዶኔል ዳግላስን የጠቀለለው ቦይንግና ጄኔራል ዳይናሚክስ እያንዳንዳቸው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በዕቃና በአገልግሎት ከፈሉ። አንዲት አውሮፕላን እንኳ አልበረረችም።

እንግዲህ ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የምትሠሩበት ውል ዋጋው የተቆረጠ ነው ወይስ መንግሥት የወጣውን ወጪ የሚተካበት፣ ቀሪውን ወጪ የሚገምተውስ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የእናንተ ቁጥር አለቃችሁ ከሚወደው ቁጥር ከበለጠ ስሌቱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ዝቅ አድርጉት ከተባላችሁ ደግሞ ምን አዲስ መረጃ ተገኝቶ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ፤ መልሱንም ከስሌቱ ጋር በመዝገብ አያይዙት።