ከልጆች ጋር ለአንድ ዓመት ውጭ አገር፦ በጎብኚ ቪዛ ወይስ በመኖሪያ ፈቃድ?

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ወንድና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። እኔ ከመሥሪያ ቤቴ የአንድ ዓመት፣ ባለቤቴ የአራት ወር ፈቃድ ስላገኘን ከልጆቻችን ጋር ውጭ አገር ለመቆየት አስበናል። ግማሹን ዓመት አውሮፓ፣ ቀሪውን በሌሎች አገሮች እናሳልፋለን። ባለቤቴ ፈቃዱ ሲያልቅ ይመለሳል፤ እኔና ልጆቹ እንቀጥላለን። በቱሪስት ቪዛ ገብተን እዚያው ማራዘም እንችላለን? ልጆቹስ በእኛ ቪዛ ይጠቃለላሉ? ትልቁን ለጥቂት ወራት ትምህርት ቤት ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። ልጆቹ በእናንተ ቪዛ አይጠቃለሉም። በአብዛኛው አገር ሕፃንም ቢሆን የራሱ ፓስፖርት፣ ቪዛ የሚያስፈልገው ከሆነም የራሱ ቪዛ ሊኖረው ይገባል። ለሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ለሚያገለግለው የጎብኚ ቪዛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ማመልከቻ ይሞላል፤ የሚፈርመው ወላጅ ነው። ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ 6 ዓመት ሞልቶት 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች አይከፈልም። ሴት ልጅዎ 6 ዓመት ሳይሞላት ካመለከታችሁ የአራታችሁ ክፍያ 225 ዩሮ ይሆናል፤ የማመልከቻ ማዕከል ካለ የአገልግሎት ዋጋው ለብቻ ይታሰባል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሻራ አይሰጡም። የጉዞ መድኅኑ ግን ለእያንዳንዳችሁ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው በማራዘሙ ጉዳይ ነው። የሸንገን 29 አገሮች ለቆይታ ቀን ቆጠራ እንደ አንድ አገር ይታያሉ፤ ከፈረንሳይ ወጥቶ ጣሊያን መግባት ቀኑን አያድስም። ደንቡ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም ይላል፤ የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ለምሳሌ ጃንዋሪ 10 ከገባችሁ 90ኛው ቀን ኤፕሪል 9 ነው፤ እንደገና መግባት የምትችሉት ከጁላይ 9 ጀምሮ ይሆናል። ለዚያም ብዙ ጊዜ መግባት የሚፈቅድ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። በቪዛው ላይ የተጻፈውን የቆይታ ቀን ብዛትም ተመልከቱ፤ ቪዛው ለስድስት ወር የሚያገለግል ሆኖ የተፈቀደው ቆይታ 30 ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚገዛችሁ የቀኑ ብዛት ነው። እዚያው ሆኖ ማራዘም የሚፈቀደው ከአቅም በላይ የሆነ፣ ሰብአዊ ወይም ከባድ የግል ምክንያት ሲኖር ነው፤ ልጅ ድንገት በጠና ታሞ ሆስፒታል ቢተኛ ማለት ነው። ልጆቹ አገሩን ወደዱት ብሎ ማመልከት ትርፉ ድካም ነው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ደግሞ መግቢያና መውጫው በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መያዝ ስለጀመረ ማኅተም ሳይመታ ቀርቶ ነው የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

ስለዚህ “ግማሹን ዓመት አውሮፓ” ያሉት ዕቅድ በጎብኚ ቪዛ በአንድ ዙር አይሆንም። ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ መሃሉን ከሸንገን ውጭ ባለ አገር ማሳለፍ ነው። ዩናይትድ ኪንግደም ለጎብኚ በአንድ ጉዞ በአብዛኛው እስከ ስድስት ወር ትፈቅዳለች። አውስትራሊያ “600” በሚባለው የጎብኚ ቪዛዋ ሦስት፣ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር ልትሰጥ ትችላለች፤ ቪዛው ላይ 8503 የሚል ቁጥር ካያችሁ ግን እዚያው ሆናችሁ ማራዘም እንደተከለከላችሁ ዕወቁ። አሜሪካ የሚያስቆየው በፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ሳይሆን የድንበር ሠራተኛው በአይ-94 መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ቀን ነው፤ ያ ቀን ሳያልፍ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ አዋቂ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ አሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለዚህ እገዳ ቀን አይቆጠርበትም፤ ቢሆንም የያዘው ቪዛ ይሰረዛል። ልጁ ባላጠፋው ጥፋት በሚቀጥለው ማመልከቻው ላይ ሊጠየቅበት ይችላል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። አቅጣጫውን የሚወስነው እሱ ስለሆነ ቀድማችሁ መክሩበት። ጎብኚ ሆኖ የገባ ልጅ በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤት መማር አይፈቀድለትም። አሜሪካም የቱሪስት ቪዛ የያዘ ልጅ መደበኛ ትምህርት እንዲከታተል አትፈቅድም። አውስትራሊያ እስከ ሦስት ወር ትታገሣለች። ከዚህ በላይ ከፈለጋችሁ የምትጠይቁት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለምሳሌ ስፔን ሥራ ሳይሠሩ በራሳቸው ገንዘብ መኖር ለሚችሉ ሰዎች የመኖሪያ ቪዛ አላት። ዋናው አመልካች አይፕሬም ከሚባለው የመንግሥት መለኪያ 400 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ደግሞ ተጨማሪ 100 በመቶ ማሳየት አለበት። መለኪያው በ2025 በወር 600 ዩሮ ስለነበር ለአራት ሰው በወር 4,200 ዩሮ ማለት ነው። በዚህ ቪዛ በርቀትም ቢሆን መሥራት አይፈቀድም፤ በርቀት ለሚሠራ ወላጅ ከ2023 ወዲህ ሌላ ቪዛ ተዘጋጅቷል። ነዋሪ ስትሆኑ የአገሩ የትምህርት ግዴታ ይከተላችኋል፤ በስፔን ከ6 እስከ 16 ዓመት ነው። ልጃችሁ የሚማረው ለጥቂት ሳምንት ከሆነ ይህን ሁሉ ጣጣ አልመክርም፤ ከራሱ ትምህርት ቤት በጽሑፍ ፈቃድ ወስዶ መጻሕፍቱን ይዞ ቢሄድ ይሻላል።

እርስዎ ያልጠየቁት ግን እኔን ያሳሰበኝ ባለቤትዎ ከተመለሱ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ልጅ ይዘው ብቻዎን ድንበር የሚያቋርጡ እናት ነዎት። ሠራተኛው ትዳራችሁ የሰላም መሆኑን አያውቅም፤ በተለይ የቤተሰብ ስማችሁ የሚለያይ ከሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ መጠየቁም ለልጆች ደኅንነት ነው። የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር ይያዙ። ባለቤትዎ ወደ አገር ከመመለሳቸው በፊት በሰነድ አረጋጋጭ ፊት የስምምነት ደብዳቤ ይፈርሙ። “ልጆቼ ከእናታቸው ጋር እንዲጓዙ ፈቅጃለሁ” የምትል አንዲት መስመር አትበቃም። የልጆቹ ሙሉ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚሄዱባቸው አገሮች፣ የሚመለሱበት ቀን፣ ልጅ ቢታመም ለሕክምና መፍቀድ፣ ፓስፖርት ቢጠፋ ወይም ቀኑ ቢያልፍ ምትክ መጠየቅ የሚሉት ሁሉ በግልጽ ይስፈሩ። የልጆች ፓስፖርት በብዙ አገር የሚያገለግለው አምስት ዓመት ብቻ ስለሆነ የመጨረሻው ጉዳይ ቀላል አይደለም።

የመመለሻ ቀኑ ደግሞ ከባድ የሕግ ውጤት አለው። በ1980 የወጣው የሄግ ስምምነት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሌላው ወላጅ ሳይፈቅድ ከተወሰደ ወይም ከተስማሙበት ቀን በላይ እዚያው ከቀረ ወደ መኖሪያ አገሩ እንዲመለስ ፍርድ ቤት እንዲያዝዝ ያደርጋል፤ ከ100 በላይ አገሮች ተቀብለውታል። በስምምነት ወጥተው ቆይታውን ለብቻዎ ቢያራዝሙ ጉዳዩ በዚህ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቀኑ የሚራዘም ከሆነ በስልክ መነጋገር ስለማይበቃ አዲስ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ለእንግሊዝ የልጅ ቪዛ ስታመለክቱም የሁለታችሁንም ስም እንደ አጃቢ አስመዝግቡ። የአባት ብቻ ተመዝግቦ ልጆቹ ከእርስዎ ጋር ቢደርሱ መግባት ሊከለከሉ ይችላሉ።

የጉዞው ቅደም ተከተልም ከማመልከቻው ጋር የተያያዘ ነው። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ይገባል፤ የእንግሊዙ ግን ከሦስት ወር ቀድሞ አይገባም። ሁለተኛውን ቪዛ መንገድ ላይ ሆኖ ማውጣት አድካሚ ነው፤ የሸንገን ቆንስላዎች በመርህ ደረጃ የሚያስተናግዱት ቆንስላው ባለበት አገር በሕጋዊነት የሚኖረውን ሰው ነው። እኔ ብሆን እንግሊዝን አስቀድሜ ሸንገንን አስከትላለሁ፤ ሁለቱንም ቪዛ ከቤታችሁ ሳትወጡ ታገኛላችሁ። የሸንገኑን ስትጠይቁ በደብዳቤያችሁ ሁለቱን ዙር ከነቀናቸው ዘርዝራችሁ ለአራታችሁም ብዙ ጊዜ መግባት የሚፈቅድ ቪዛ ጠይቁ፤ የአንዱ ልጅ ብቻ አንድ ጊዜ መግቢያ ሆኖ ከመጣ ሳትሄዱ ቆንስላውን አነጋግሩ።