ካፉር፦ ደረት ላይ፣ አፍ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ልጄ አፍንጫው በጉንፋን ሲታፈን አማቴ ካፉር በዘይት አሙቀው ደረቱንና ጀርባውን ያሹታል። ባለቤቴንም ያሳደጉት በዚሁ ነው። ምን ያህል ቢሆን አይጎዳውም?

መልስ፦ ለዚህ ዕድሜ የምንፈቅደው መጠን የለም። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካፉር (ካምፎር) ያለበት ነገር አይቀባም፣ ከፋርማሲ የተገዛ ቅባት ቢሆንም እንኳ። አማትዎ ለውጥ አየሁ ቢሉ ግን አይፍረዱባቸው። ካፉር የሙቀትና የቅዝቃዜ ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ አፍንጫ የተከፈተ ይመስላል፤ እብጠቱ ግን እንዳለ ነው።

ትልቁ አደጋ ቤት ውስጥ የሚቀመመው ዘይት ነው። 10 ግራም ካፉር በ50 ሚሊ ሊትር ዘይት ቢሟሟ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል፤ አንድ የሻይ ማንኪያው (5 ሚሊ ሊትር) አንድ ግራም ገደማ ካፉር ይይዛል ማለት ነው። ይህን ያህል የዋጡ ሕፃናት ሞተዋል። በየቤቱ ጠርሙሱ ከጉሎ ዘይት ጋር እየተምታታ ብዙ ልጆች ስለተመረዙ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህን ዘይት ከገበያ አስወጣች፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የቆዳ ቅባትም ከ11 በመቶ በላይ ካፉር እንዳይኖረው ተደረገ።

«ካልዋጠው ምን ያደርገዋል?» የሚሉ አሉ። ቆዳም ያስገባዋል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ከክብደቱም አንጻር ሰፊ ነው። ቀብተው በጨርቅ ከጠቀለሉት ደግሞ የሚገባው ይጨምራል፤ ሽፍታ ወይም ቁስል ካለ ይብሳል። አፍንጫ ቀዳዳ ላይ መቀባት የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያቋርጥ ስለሚችል ከሁሉ የከፋ ነው። እሳት ላይ ማሞቁም ሌላ ጣጣ አለው፤ የካፉር ትነት ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ በቀላሉ እሳት ይይዛል።

በምትኩ ከመጥባቱ በፊት በየቀዳዳው ሁለት ሦስት ጠብታ ኖርማል ሳላይን (ከፋርማሲ የሚገዛ የጨው ውሃ) ያድርጉለት። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም መጥባት ካቃተው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ 5 በመቶ ገደማ ካፉር ያለውን ቅባት በደረትና በአንገት ላይ ብቻ፣ በቀን ቢበዛ ሦስት ጊዜ መቀባት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ልጅ ካፉር ቢያኝክ ምን ይደረግ? ወተት ይሰጠው?

መልስ፦ ወተትም ዘይትም አይስጡት፤ ስብ ካፉሩን ቶሎ ወደ ደም ሊያስገባው ይችላል። እንዲያስመልስም አያድርጉት። ካፉር ከተዋጠ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መንፈራገጥ (የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ) ሊያስነሳ ይችላል። በዚያ መሐል የሚያስመልስ ልጅ ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል።

አፉ ውስጥ የቀረውን በጣትዎ ያውጡ፣ አፉን በውሃ ያብሱና ማሸጊያውን ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ከተንፈራገጠ በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ። በኪሎ ከ30 ሚሊ ግራም በላይ የዋጠ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ለ10 ኪሎ ልጅ ይህ 300 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፣ ከአንዲት ትንሽ ክኒን የማይበልጥ። ስንት እንደዋጠ ካላወቁ «ደህና ነው» ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የብል መከላከያ ነጭ ኳሶች አሉኝ። ካፉር ይሁኑ ናፍታሊን በምን ልለይ?

መልስ፦ ልጅ ኳሱን ቢውጥ ሐኪሙም ይህንኑ ይጠይቅዎታል፣ ምክንያቱም ናፍታሊን የጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴልን የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረት ያለባቸውን ልጆች ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የሚፈለገው ክትትልም ይለያያል።

ኳሱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይጣሉት። ከተንሳፈፈ ካፉር ነው። ከሰመጠ ግማሽ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው በደንብ ያሟሙና ወደዚያ ያዛውሩት፤ ናፍታሊን ይንሳፈፋል፣ ፓራዳይክሎሮቤንዚን (ሌላው የብል ኳስ መሥሪያ ኬሚካል) ግን እዚያም ይሰምጣል። በጠረኑ ብቻ አይወስኑ፣ ቀርበውም አያሽትቱት።

ልብሱን አጥበውና አድርቀው በደንብ በሚዘጋ ሣጥን ያስቀምጡ፤ ትነቱ ካልታፈነ ብል አይሞትም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ካፉሩን በጨርቅ ከረጢት አድርገው ከላይ ይስቀሉት። ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ አያኑሩት፣ አንዳንዱን ያለሰልሰዋል። የሕፃን ልብስ ባለበት ሣጥን ውስጥ ካፉርም ሆነ ሌላውን የብል ኳስ አይጨምሩ።