ጥያቄ አለን፦ የታተመ ጥናትን በነጻ ማጋራት ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚሠሩ ሴቶች ደሞዝና ቁጠባ ላይ ያጠናሁት ጽሑፍ በአንድ የውጭ ጆርናል ወጥቷል። ያልከፈለ ሰው አያነበውም። የሚፈልጉት ደግሞ እዚሁ ከተማ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ "ላኪልን" ይሉኛል። ፒዲኤፉን ቴሌግራም ቻናል ላይ ብለጥፈው እጠየቃለሁ? (መምህርት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የትኛውን ፒዲኤፍ? ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንድ ጽሑፍ ሦስት መልክ አለው፦ መጀመሪያ ለጆርናሉ የላኩት ረቂቅ፣ በገምጋሚዎች አስተያየት ታርሞ "ተቀብለነዋል" የተባለው የወርድ ፋይል፣ እና አሳታሚው በራሱ አቀማመጥና አርማ ያወጣው። ሦስተኛው ክፍት ላይሰንስ (ማንም እንዲያጋራው የሚፈቅድ ፈቃድ) ከሌለው ቻናል ላይ አይለጠፍም። ሁለተኛውን ግን አብዛኞቹ ትልልቅ አሳታሚዎች በዩኒቨርሲቲ ሪፖዚተሪ (ጥናቶች በኢንተርኔት በሚከማቹበት ቋት) እንዲቀመጥ ይፈቅዳሉ። ይዘቱ ያው ነው፤ የሚቀረው ጌጡ ነው።

ቀድሞ ሸርፓ ሮሚዮ ይባል የነበረውን፣ አሁን ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር የተባለውን ነጻ መፈለጊያ ከፍተው የጆርናሉን ስም ያስገቡ። ስለ ሁለተኛው ቅጂ የት ማስቀመጥ እንደሚቻል፣ ከስንት ወር በኋላና በምን ላይሰንስ እንደሆነ ይነግርዎታል። በማኅበራዊ ሳይንስና በቢዝነስ ጆርናሎች መቆያው፣ ማለትም ቅጂው ክፍት ሳይሆን የሚጠብቅበት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ወር ነው፤ አንድ ቀንም የማያስጠብቁ አሉ። ከዚያ የፈረሙትን ውል ያገናዝቡ።

መቆያው እስኪያልቅ ብለው ፋይሉን ማስገባቱን አያዘግዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን የወርድ ፋይል ፈልጎ የሚያገኝ ጥቂት ነው፤ ላፕቶፕ ይቀየራል፣ ፍላሽ ይጠፋል። ሪፖዚተሪዎች በሚሠሩባቸው እንደ ዲስፔስ ባሉ ሶፍትዌሮች ፋይሉን ዛሬ አስገብቶ የሚከፈትበትን ቀን መወሰን ይቻላል፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይከፈታል። ፊት ገጹ ላይ የጆርናሉን ስም፣ ዓመቱንና ወደታተመው ጽሑፍ የሚወስደውን ዲኦአይ (የጽሑፉን ቋሚ መለያ ቁጥር) ይጻፉ፤ አለዚያ ጥናትዎን የሚጠቅሱ ሰዎች ቁጥር በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ይከፈላል።

ቦታው የዩኒቨርሲቲዎ ሪፖዚተሪ ወይም ናድሬ የሚባለው ብሔራዊ ማከማቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ተመራማሪዎች ጽሑፍ የሚያጋሩበት ሪሰርችጌት የተባለው ድረ ገጽ ግን የንግድ ድርጅት ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ፈቃድ ለእሱም ይሠራል ብለው አይገምቱ። ቴሌግራም ላይ ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ስለ ሴፍቲኔት በአማርኛ የጻፍኩት ጥናት ሪፖዚተሪ ላይ ከተጫነ ዓመት አልፎታል። ርዕሱን ጎግል ላይ ስጽፍ ግን የለም። (ከወልድያ)

መልስ፦ ፒዲኤፉን ከፍተው አንድ መስመር ኮፒ ያድርጉና ስልክዎ ላይ መልእክት መጻፊያው ውስጥ ፔስት ያድርጉት። ፊደላችን ከወጣ ደህና። የላቲን ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ተደበላልቆ ከወጣ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበረ ፎንት ነው። የድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ "ሀ"ን የሚስሉት በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ አማርኛ ነው፣ ለጎግል ግን ትርጉም የሌለው ኮተት። የሚገርመው ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሆኖ ሳለ ዛሬም በድሮው ፎንት የሚጽፍ አለ።

የወርድ ፋይሉን በፎንት መቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት፤ ግን ሙሉ ሰነዱን በአንዴ አይስጡት። እንግሊዝኛው አንቀጽ አብሮ ተለውጦ ማንም የማያነበው ግዕዝ ይሆናል። በፎንት መርጠው አማርኛውን ብቻ ይለውጡ። ከዚያ እነ "ሏ"፣ "ቷ"ን፣ አራት ነጥብንና ቁጥሮችን በዓይን ይከታተሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዛቡት እነሱ ናቸው። ሲጨርሱ ከራሱ ከወርድ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ እንጂ አትመው ስካን አያድርጉ።

የወርድ ፋይሉ ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ ከቀረ (በ2014ቱ ጦርነት ኮምፒውተሩን ያጣ ሰው በአካባቢያችን ጥቂት አይደለም) በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ስካን አድርገው ቴሰራክት በተባለው ከምስል ጽሑፍ በሚያነብ ሶፍትዌር ፊደሉን ያስነብቡት፤ አማርኛ ያነባል፣ ይሳሳታልም፤ ቢያንስ ርዕሱንና አጠቃሎውን ያርሙ። ፋይሉ ከ5 ሜጋባይት አይብለጥ፤ ጎግል ስኮላር ከዚያ በላይ የሆነውን እንደ ጽሑፍ አይዝም። ቁልፍ ቃላት ላይ "ወሎ"ን በላቲን ፊደል በአንድ ኤልም በሁለት ኤልም ያስገቡት፤ ፈላጊው በየትኛው እንደሚጽፍ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ "በአንድ ሳምንት እናትምልሃለን፣ ክፍያው በዶላር ነው" የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። (ከደሴ)

መልስ፦ ይተዉት። በሳምንት የሚያልቅ ግምገማ ግምገማ አይደለም። ጆርናሉ ዶአጅ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች መዝገብ ውስጥ መኖሩን ይዩ። ኢትዮጵያ ሪሰርችፎርላይፍ በተባለው፣ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የምርምር ጽሑፍ በሚያቀርበው ፕሮግራም ምድብ ሀ ውስጥ ስላለች ብዙ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ክፍያውን ይተዉላታል፤ ግማሽ ክፍት የሆኑት (አንዳንዱ ጽሑፍ ክፍት፣ ሌላው በክፍያ የሚነበብባቸው) ላይ ግን ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ክፍያው እንዲቀርልዎ ጽሑፉን ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ፤ ኢንቮይስ ከመጣ በኋላ መልሱ እንቢ ሊሆን ይችላል። ለቢዝነስና ለማኅበራዊ ጥናት ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የአቢሲኒያ ጆርናልም አለልዎት።

ጥያቄ፦ የቃለ መጠይቅ ዳታዬን አብሬ ልጫነው? ስሞቹን አጥፍቻለሁ። (ከሐይቅ)

መልስ፦ መጀመሪያ የስምምነት ቅጹን ያንብቡ። "ለዚህ ጥናት ብቻ" ካለ አይጫንም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ከፈቀደም ስም ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። "የ58 ዓመት ወንድ፣ የዕቁብ ዳኛ" ብሎ ቀበሌውን የጠቀሰ መስመር ለጎረቤት ስም ከመጥራት አይተናነስም። ቀበሌውን አውጥተው ወረዳውን ይተዉ። ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ የሰበሰቡ ከሆነ የቤቱ ጂፒኤስ የተመዘገበበትን ዓምድ ያጥፉ፤ ኤክሴል ላይ መደበቅ ማጥፋት አይደለም። ቀጥሎ ዕድሜን፣ ሥራንና ወረዳን አጣምረው ተመሳሳይ የሆኑትን ሰዎች ይቁጠሩ፤ አምስት ካልሞሉ ዕድሜውን ወደ አሥር ዓመት ክልል ያስፉት ወይም "የዕቁብ ዳኛ" ያለውን "ነጋዴ" ብለው ያጠቃልሉት።