ለችግኝ ማፍያ ኤልኢዲ ወይስ ሶዲየም? በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይመኑ

ጤና ይስጥልኝ። ከዳንግላ ሆነው የበርበሬና የቲማቲም ችግኝ በክፍል ውስጥ ለማፍላት ኤልኢዲ ይሻላል ወይስ የቆየው የሶዲየም አምፖል ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ በሁለቱም ስለሠራሁ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ። መልሴ ኤልኢዲ ነው፤ ይሁን እንጂ የትኛው ኤልኢዲ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይበልጣል።

1ኛ፦ ባለ 400 ዋት ሶዲየም ከነባላስቱ (ለአምፖሉ የሚሄደውን ኃይል ከሚቆጣጠረው ዕቃ ጋር) 440 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በቀን 16 ሰዓት ቢበራ በወር ከ210 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። ጥሩ ኤልኢዲ ለተክል የሚጠቅመውን ያንኑ ያህል ብርሃን ከግማሽ ባነሰ ኃይል ይሰጣል። የቤት ታሪፍም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን እየተወደደ ስለሚሄድ ልዩነቱ በወር መጨረሻ በደንብ ይታወቃል። ቢጫውን ተራ አምፖል ጨርሶ አያስቡት፤ የሚወስደውን ኃይል አብዛኛውን ሙቀት ያደርገዋል።

2ኛ፦ የሶዲየም ብርሃን ሰማያዊው ክፍል በጣም ስለሚያንሰው ለጋ ችግኝ ቀጥኖ ይመዘዛል፤ እንዲህ ያለው ችግኝ ማሳ ላይ ሲተከል የሐምሌን ዝናብ አይቋቋምም። የብርሃኑ ቀለም ከ4000 እስከ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ካርቶኑ ላይ «K» ተብሎ ይጻፋል) የሆነ ነጭ ኤልኢዲ ግን ግንዱን አጭርና ወፍራም አድርጎ ያሳድጋል። ሐምራዊ የሚያበራውን መግዛት የግድ አይደለም፤ ከሥሩ ቅጠል ሲታመም እንኳ ቀለሙን ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

3ኛ፦ ዋቱን ያረጋግጡ። ብዙ ገንዘብ ያስወጣኝ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እነግርዎታለሁ። ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ኤልኢዲ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገዛሁ፤ ሻጩም ከሁለት ሶዲየም እንደሚበልጥ አረጋገጠልኝ። ችግኙ ግን እየሳሳ ሲሄድብኝ የቤቱን ዕቃ ሁሉ አጥፍቼ እሱን ብቻ አብርቼ ቆጣሪውን ተመለከትሁ። የካርድ ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች፤ በአጠገቧም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። የእኔ ቆጣሪ 1600 ስለሚል፣ እውነተኛ 1000 ዋት ቢሆን በደቂቃ 27 ጊዜ ያህል ልትበራ ይገባት ነበር። የበራችው ሦስት ጊዜ ነው፤ ይህም 112 ዋት ገደማ ማለት ነው። ዕቃውን ይዤ ስመለስ ሻጩ «1000 የሞዴሉ ስም ነው» ብሎ መለሰልኝ። ቅሬታ ወደሚቀበል ቢሮ ሄድሁ፤ ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ደረሰኙን ተቀበለና «እዚህ ላይ የተጻፈው አምፖል ብቻ ነው፤ ዋት የሚል የለም» ብሎ መለሰልኝ። ያዘነ ሰው ፊት እንዲህ መናገር ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ዕቃው በእርግጥ የሚወስደው ዋት ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ብርሃኑን በሉመን ብቻ የሚያስረዳዎትንም አይመኑ፤ ሉመን የሚለካው ለሰው ዓይን የሚታየውን እንጂ ተክል የሚጠቀምበትን አይደለም።

ከዚያ በኋላ የገዛኋቸው ረጃጅም ነጭ ኤልኢዲዎች በቆጣሪ ተለክተው ነው ቤቴ የገቡት። ከእነሱ ሥር ያደገውን የበርበሬ ችግኝ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የመጡ ገበሬዎች ግንዱን በጣታቸው እየነኩ መርጠው ወስደውታል፤ በዚህ እኮራለሁ።

የመብራት መቆራረጥን በተመለከተ፣ ሶዲየም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እስኪበርድ ድረስ አይነሣም፤ ከተነሣም በኋላ ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠት ደቂቃዎች ይወስድበታል። ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል፤ ሆኖም ኃይል ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ድራይቨሩን (ለኤልኢዲው ኃይል መጥኖ የሚሰጠውን ክፍል) ሊያቃጥል ስለሚችል ስታብላይዘር ሳያስገቡ አይሰኩት።

ለሶዲየም የምመሰክርለት አንድ ነገር ሙቀቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክረምት ሌሊት ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ የበርበሬ ዘር ደግሞ በደንብ የሚበቅለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። ይሁን እንጂ ዘሩ እስኪበቅል ብርሃን አያስፈልገውም። እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልለው ምድጃው ካለበት ክፍል፣ ከእሳቱ ራቅ አድርገው ያቆዩትና ነጭ ነጥብ ሲያወጣ አፈር ላይ ያድርጉት፤ ለዚህ ሲባል ሶዲየም መግዛት አያስፈልግም።

ኤልኢዲውን ከችግኙ ጫፍ 30 ሳንቲሜትር ያህል ላይ ይስቀሉት፤ ግንዱ ከተመዘዘ ዝቅ፣ ቅጠሉ ጫፉን ካጠቀለለ ከፍ ያድርጉት። ከ14 እስከ 16 ሰዓት ካበሩ በኋላ ያጥፉት፤ ቲማቲም ሌት ተቀን ሲበራበት ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ረጅሙ ፍሎረሰንት ቀድሞ ቤትዎ ካለ ለትንንሽ ችግኝ ያገለግላልና አይጣሉት፤ ሜርኩሪ ስላለበት ግን እንዳይሰበር ይጠንቀቁ።