ከመቅዳታችሁ በፊት ስማችሁን ጻፉ

ለድሬዳዋና ለሐረር ወጣት ሙዚቀኞች፣

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ገብቼ የአምስት ወጣቶችን ልምምድ እስከ መጨረሻው አዳመጥሁ። ድራመሩ ሬጌ ይመታል፣ ጊታሩ ግን የሐረርጌን የኦሮምኛ ዜማ እየተከተለ ይሄዳል፣ ድምፃዊቷም በአማርኛ ጀምራ በሶማሊኛ ትመልሳለች፤ ይህ ሁሉ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሳይጣላ ሲስማማ ሰምቼ ይህችን ከተማ እንደገና የሰማኋት መሰለኝ። ሲጨርሱ ዜማው የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው «አብረን ነው የሠራነው፣ ጋሼ» አለኝ። መልሱ የፍቅር መልስ ነው፤ ሆኖም ከአርባ ዓመት በፊት እኔም በዚሁ ቃል እመልስ ስለነበርና ምን እንዳስከተለብኝ ስለማውቅ፣ ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርሁ።

ቤዝ ጊታር የያዝሁት በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ከዚያ ስድስት ሆነን የራሳችንን ባንድ አቋቋምን፤ በሠርግ፣ በሆቴል፣ አንዳንዴም የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ድረስ እየሄድን ሠራን። ጣቶቼ ሲደክሙ ደግሞ ሚክሰርና ሞንታርቦ (የድምፅ ማቀላቀያና ማጉያ) ማከራየትና ድምፅ መቆጣጠር ሥራዬ ሆነ፤ በዚህ ሙያ ከመድረክ ጎን ቆሜ ብዙ ባንድ ሲቋቋምና ሲበተን አይቻለሁ። ከተበተኑት መካከል መጫወት አቅቷቸው የተበተኑት ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹን ያለያያቸው ሲጀምሩ ሳይነጋገሩበት ያለፉት ነገር ነው።

የእኛንም ባንድ የበተነው ይኸው ነው። ካሴት ለማውጣት ከአንድ ሙዚቃ ቤት ጋር ስንስማማ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ተቀበልን፤ ውል አልጻፍንም፣ ማስተሩም፣ ማለት ሌላው ሁሉ የሚባዛበት ዋናው ቅጂ፣ እዚያው ቀረ። ከዘፈኖቹ ሁሉ በላይ የተወደደውን ዜማ የሠራው አኮርዲዮን ተጫዋቻችን ነበር። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ዜማውን መጀመሪያ ያሰማኝ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ በአፉ እያንጎራጎረ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ነው። የካሴቱ ሽፋን ሲታተም ግን የወጣበት የድምፃዊው ስምና ፎቶግራፍ ብቻ ሆነ። የባንዱ መሪ እኔ ነበርሁ፤ ጓደኛዬ ስሙ በሚቀጥለው እትም እንዲገባለት ሲጠይቀኝ «ወንድማማቾች አይደለንም እንዴ፣ ስም ምን ያደርግልሃል» አልሁት። ከዓመታት በኋላ ያ ዘፈን በሌላ ድምፃዊ ተሻሽሎ ሲወጣ ዜማው የሌላ ሰው ተባለ፤ እኛም የምናስረዳበት አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረችንም። ጓደኛዬ ከእኔ ጋር ሳይታረቅ አረፈ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴንም ከገንዘብ መካድ አሳንሼ አላየውም፣ ሰውየው የጠየቀኝ የራሱን ስም ነበርና።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ገጽ ይኑራችሁ። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የሠራው፣ ያቀናበረው፣ እያንዳንዱን መሣሪያ የተጫወተውና ሚክሲንጉን፣ ማለት የድምፆቹን ማመጣጠን፣ የሠራው ሰው ስም ከነቀኑ ይስፈርበት፤ በእውነት አብራችሁ የሠራችሁት ከሆነ ደግሞ «አብረን» የምትሉትን ከመቶ ስንት ስንት እንደሆነ አስቀምጡና ሁላችሁም ፈርሙበት። ከመቅዳት በፊት ይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ የሁሉም ትዝታ ይለወጣል፤ ቤዝ ተጫዋቹ ያቺን መሸጋገሪያ ያመጣት እርሱ እንደሆነ በቅንነት ያምናል፣ ድምፃዊውም እንደዚሁ በቅንነት ያምናል፣ ሁለቱም ሳይዋሹ ይካሰሳሉ። ማንም ገና ገንዘብ ባላየበት ሰዓት የተጻፈ ገጽ ግን ለማንም አያዳላም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ቃል በእናንተ ሙያ በቀጥታ ይሠራል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 በተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ሕግ መሠረት፣ ግጥም ወይም ዜማ ያመነጨ ሰው የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ጸንቶ ለወራሾቹ ይተላለፋል። የተጫወተው ወይም የዘፈነው ሰው የከዋኝነት መብት አለው፤ ቅጂውን ያዘጋጀው ፕሮዲዩሰርም የራሱ መብት አለው። እንግዲህ በአንድ የአራት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መብት አለ ማለት ነው፤ ስቱዲዮውን የከፈለላችሁ ሰው «ሥራው የእኔ ነው» ሲላችሁ ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁት። መብታችሁን የምታስተላልፉም ከሆነ በጽሑፍና በፊርማ፣ ለምን ያህል ጊዜና ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ ተገልጾ ይሁን።

ጉዳዩ በየሙዚቃው ዓይነት መልኩ ይለያያል። ራፕ የምትሠሩ ልጆች ከኢንተርኔት ቢት፣ ማለት የተዘጋጀ የሙዚቃ አጃቢ፣ አውርዳችሁ ግጥማችሁን ትጭኑበታላችሁ፤ ያ ቢት ለእናንተ ብቻ ካልተሸጠ በሕጋዊ መንገድ ለሌላም ሰው ሊሸጥ ይችላል፣ ስለዚህ የፈቃዱን ጽሑፍ ሳታነቡ ዘፈን አታውጡ። ጃዝና ሮክ የምትጫወቱት ደግሞ ልምምድ ላይ ሳታስቡት የሚወለደው ነገር ይበዛል፤ ስልካችሁን ከፍታችሁ እያንዳንዱን ልምምድ ቅዱ፣ ፋይሉንም በቀኑ ሰይሙት፣ አንድ ሐረግ ከማን ጣት እንደወጣ የሚናገረው እርሱ ነውና። ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቅላችሁ ግን ከቀደመው የሕዝብ ሙዚቃ ስትወስዱ ነው። ሸጎዬን፣ የሐረርጌን የኦሮሞ ባህላዊ ጭፈራ፣ በኪቦርድ አቀናብራችሁ፣ ወይም ሐረር ጁገል ውስጥ ከረቡ በሚባለው ከበሮ ታጅቦ ከሚዜመው ዚክሪ አንዲት ዜማ ወስዳችሁ «ዜማ፦ እገሌ» ብላችሁ ስማችሁን ብታስቀምጡ፣ በእኔ ጓደኛ ላይ የደረሰውን በአንድ ሕዝብ ላይ ታደርሳላችሁ። «ዜማ፦ የሕዝብ፤ ቅንብር፦ የባንዱ» ማለት ክብራችሁን አይቀንስም። ዚክሪ ደግሞ የጸሎት ሥራ ስለሆነ መድረክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት አዋቂዎቹን ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አይሆንም ካሏችሁም ተዉት።

ስለ ሽልማት አንድ ቃል ልበል። ሠርግ ላይ በድምፃዊው ግንባር የሚለጠፈው ብር የማን እንደሆነ ከመድረክ በፊት ተነጋገሩ። ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ለመሣሪያ መግዣ ይቀመጥ ወይም ለድምፃዊው ይሁን፣ ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ሳይወሰን ቀርቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ የተጀመረ ጠብ ጠዋት ባንድ ሲያፈርስ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ከገጹ ቀጥሎ ማስተሩን ጠብቁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የዘፈን ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት ዘመን በራሱ ገንዘብና በራሱ ድፍረት ዘፈን አስቀድቶ ሕንድ አገር አሳተመ። በዛሬ አነጋገር ገለልተኛ አሳታሚ የምትሉት እርሱ ነበር። የአለማየሁ እሸቴና የዘመኑ ሌሎች ድምፃውያን ቅጂዎች ማስተራቸው በመትረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳይ አገር በሲዲ እንደገና ታትመው ዓለም ሰማቸው። የእኛው ካሴት ማስተር ግን የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም። እናንተ ዛሬ የምታስቀምጡት በሁለት ሃርድ ዲስክና በሁለት ቤት ነው፤ የተጠናቀቀውን ዘፈን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን መሣሪያ ትራክ ለየብቻ ድምፁ ባልተቀነሰበት በዌቭ ፋይል ከስቱዲዮው ተቀበሉ። ኤም ፒ ስሪ ፋይሉ እንዲያንስ ከድምፁ የሚቀነስበት ስለሆነ ለመላላኪያ ነው፤ የጎደለውን ድምፅ መልሶ አይሰጣችሁም። ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚሰጠውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ፣ አይ ኤስ አር ሲ የሚባለውን፣ ከዘፈኑ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ዘፈናችሁ በኢንተርኔት በተሰማ ቁጥር ሒሳቡ የሚከተለው ያንን መለያ ነው። ዘፈናችሁ በኢንተርኔት የሚሰራጭበት የማከፋፈያ አካውንት በማን ኢሜይል እንደተከፈተም ሁላችሁም እወቁ፤ አንድ ሰው ብቻ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅበት ባንድ ያ ሰው በተቀየመ ዕለት ድምፁን ያጣል።

ይህን ሁሉ ሳነሣ ወረቀት ሙዚቃችሁን ያቀዘቅዘዋል ብላችሁ እንዳትሰጉ እለምናችኋለሁ። የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን የሆነው አፍራን ቀሎ በ1950ዎቹ የተመሠረተው በዚህችው ድሬዳዋ ነው፤ ገና በልጅነቱ የተቀላቀለው አሊ ቢራ «ቢራ» የሚለውን ስም ያገኘው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፍኖ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ እኔም ከዚራ መንገድ ዳር ቆሜ ዘፈኖቹ ከየሱቁ ሲወጡ እሰማ ነበር። ዘፈን ስሙን የሰጠው ሰው ነው። የእኔ ጓደኛ ደግሞ ስሙን በዘፈን የተነጠቀ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ሳስብ የነበረው ስለ ሁለቱም ነው።

የሳቢያን ልጆች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀሐዩ ሲበርድ አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ያ ቀኝ ሞንታርቦ የሚያጉረመርመው ገመዱ ስለላላ ነውና ብየዳ ይዤ እመጣለሁ። እናንተ ደብተር አዘጋጁ፤ ያቺን ዜማ መጀመሪያ ያንጎራጎራት ማን እንደነበረም አስታውሳችሁ ጠብቁኝ።