የድሬዳዋን ሙቀት የለመደ ሰው ጅቡቲን ይችላል ወይ?

ጠያቂዋ እህታችን ያነሱት ጉዳይ ይህ ነው፦ ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ ነው፤ ጅቡቲ ሥራ አግኝተው በሐምሌ ይጀምራሉ፤ በዕድሜ የገፉ እናታቸውንም አብረው ለመውሰድ አስበዋል። ሁለቱም ከተሞች ሞቃት ስለሆኑ ለለመደ ሰው ብዙ ልዩነት ይኖረው እንደሆነ ይጠይቃሉ። በትራንዚት ሥራ ምክንያት ለበርካታ ዓመታት ጅቡቲ ኖሬአለሁ፤ ቤተሰቤ ድሬ ስለነበረ በየወቅቱ እመላለስ ነበርና የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ እጽፍልዎታለሁ። መልሴን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ እርስዎ ይችሉታል፤ እናትዎን ግን በሐምሌ አይውሰዷቸው።

ሰው ሁለት ሞቃት ከተሞችን ሲያወዳድር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የቀትሩን ሙቀት ነው። በእኔ እምነት መታየት ያለበት ሌሊቱ ነው። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀን ቀን ወደ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ነገር ግን ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ወደ 22 እና 23 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ አልጋውን ወደ ግቢ ያወጣ ሰው ንጋት ላይ አንሶላ ይፈልጋል። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሌሊቱ እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ጅቡቲ በሐምሌ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ቀን የደከመ ሰውነት ሌሊት ካላረፈ ድካሙ በማግስቱ ላይ ይደረባል፤ አረጋውያንንና ሕፃናትን የሚጎዳውም ከአንድ ቀን ቃጠሎ ይልቅ ይህ ዕረፍት ማጣት ነው።

የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ከፍታ ነው። ጅቡቲ ከባሕር ወለል እኩል ስትሆን ድሬ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ባሕሩን ጨርሰን ብንረሳው እንኳ ድሬ 7 ወይም 8 ዲግሪ ትቀንሳለች ማለት ነው። ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ሐረር የሚሄድ ሁሉ በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ባሕሩ ራሱ ነው። የብስ እንደ ስስ ብረት ምጣድ ነው፤ ቶሎ ይግላል፣ እሳቱ ሲወጣለትም ቶሎ ይበርዳል። ባሕር ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። በክረምት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውኃ ራሱ 30 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን፣ በዳርቻው ያለችው ከተማ ሌሊት ከየት ቅዝቃዜ ታገኛለች? ከዚህም በላይ ከውኃው የሚነሣው እርጥበት ላብ በቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ሲወጣ ሳይሆን ሲተን ነው፤ ድሬ ላይ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ነፋስ ሲነካው ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅለት ይበርደዋል፣ ጅቡቲ ግን ወበቁ በያዘበት ቀን ጥላ ከፀሐይ እንጂ ከሙቀት አያድንም።

ይህ ማለት ግን ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ናት ማለት አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምዕራብ፣ ከበረሃው በኩል፣ ካምሲን የሚሉት ደረቅና አሸዋ የተሸከመ ነፋስ ይነፍሳል፤ ያን ጊዜ እርጥበቱ ቀነስ ቢልም ነፋሱ ፊት ይለበልባል። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ወቅት ነው። እኔ ይበልጥ የከበደኝ መስከረም ነበር፤ ካምሲን ያቆማል፣ የባሕሩ እርጥበት ይመለሳል፣ ሙቀቱ ግን ገና አልሄደም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ግን በእውነት ደስ ይላል፤ ቀኑ 28 ወይም 29፣ ሌሊቱ 22 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ አመሻሹ ላይ የባሕር ዳር ነፋስ ለመቀበል ሕዝቡ ይወጣል።

የዝናቡም ነገር ሰውን ያሳስታል፤ ባሕር ያለበት ሁሉ ዝናብ ያለ ይመስለናልና። ድሬ በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለች፤ ይህም በበልግና በክረምት ይመጣል፣ እርጥቡ አየር የሐረርጌን ተራራ ሲወጣ ቀዝቅዞ ስለሚዘንብ ነው። የጅቡቲን አየር ወደ ላይ የሚያነሣው ተራራ ከከተማዋ አጠገብ ስለሌለ በዓመት ከ150 ሚሊሜትር ብዙም አታልፍም፤ ያችንም የምታገኘው ይበልጡን በእኛ በጋ ነው። ሁለቱም ግን ድንገተኛ ጎርፍ ያውቃሉ፤ ድሬ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ ያደረሰውን፣ ከ200 በላይ ሰው ያለቀበትን ሌሊት አትረሳም፤ ጅቡቲም በኅዳር 2012 ዓ.ም. በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዓመት ድርሻዋ በላይ ዘንቦባት ከተማው ተጥለቅልቆ ነበር። የጎርፉ ወር እንኳ እንደሚለያይ ልብ ይበሉ። ከላይ ባልኩት ሙቀት የተነሣ ነው በክረምት አቅም ያላቸው ጅቡቲያውያን ቤተሰቦቻቸውን ይዘው ወደ ድሬና ወደ ሐረር የሚወጡት፤ እርስዎ እናትዎን ሊያወርዱ ባሰቡበት ወር እነርሱ እናቶቻቸውን ያወጣሉ።

ስለዚህ እርስዎ በሐምሌ ቀድመው ይሂዱ፤ እናትዎ በኅዳር ይምጡ፤ ሚያዝያ ሲያልቅ ወደ ድሬ ይመለሱ። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ከላብ ጋር ተደምሮ የሰውነትን ውኃ ያሟጥጣልና። ቤት ሲከራዩ የኪራዩን ዋጋ ብቻ አይጠይቁ፤ ኤር ኮንዲሽነሩ በክረምት በወር ስንት የመብራት ያስከፍላል ብለው የቀድሞውን ተከራይ ይጠይቁ፤ ሂሳቡ ከኪራዩ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ቀጥታ ከቆርቆሮው ሥር ያለ ክፍል አይውሰዱ፤ መስኮቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ አንዱ ወደ ባሕሩ ነፋስ የዞረ ቤት ይምረጡ። በርበሬና ሽሮ ከቤት ሲላክልዎት በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፤ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ካልተቀመጠ በእርጥበቱ ቶሎ ይሻግታል።